ግልጽ ደብዳቤ፦ ለምግብ ባንኩ ከስጦታ በፊት ቋሚ በጀት ይያዝለት

ለክልል አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጉዳዬን ከመጀመሪያው ልንገርዎ። የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ስታዘጋጁ ለክልሉ የምግብ ባንክ፣ ማለትም ሊጣል የነበረ ደህና ምግብ ሰብስቦ ለቸገራቸው ለሚያደርሰው ድርጅት፣ ቋሚ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እንዲያዝለት እጠይቃለሁ። ምግብ ይገዛለት ማለቴ አይደለም። የምጠይቀው ለነዳጅ፣ ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣ ጥገና፣ ለሹፌርና ለመጋዘን ሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ የሕግ ጥያቄም አለኝ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ጥያቄዬ ዓይን የሚስብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሪባን የሚቆረጥበት፣ ካሜራ የሚጠራበት ነገር የለውም። በመጋዘን ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት ስሠራ ያየሁት ግን ሥራው የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ መሆኑን ነው። ምግብ ይገኛል። ሰጪም ይገኛል። የሚጠፋው ከሰጪው ደጅ እስከ ተራበው ሰው ቤት የሚያደርሰው አቅም ነው።

ረሃብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድርቅ ወይም ጦርነት ነው። እነሱም አሉ። ወደ ምግብ ባንክ በር የሚመጣው ረሃብ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ደመወዙ የወሩን አጋማሽ የማይሻገርለት ሠራተኛ ነው። ባሏ ታሞ የቤቱ ገቢ በአንድ ጊዜ የተቋረጠባት እናት ናት። ጡረታው ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ አልቆ ለምግብ የማይተርፈው አዛውንት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሱቁ ሞልቶ ሳለ እነዚህ ሰዎች ጦማቸውን ያድራሉ። ጎረቤት እንኳ አያውቅም፤ ምክንያቱም ለልጆቻቸው አብልተው እነሱ "በልቻለሁ" ይላሉ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ሪፖርት፣ በ2024 በዓለም ላይ 673 ሚሊዮን ያህል ሰው ተርቧል። ከዓለም ሕዝብ 8.2 በመቶ ማለት ነው። በሌላ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እንዳስታወቀው፣ በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ይህ ለሸማቹ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶ ነው። ከእርሻ ተነስቶ ችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚጠፋው ሲጨመር ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ "የሚጣለውን ለተራበው ስጡ" ማለት ቀላል ነው። ሥራው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከተጣለው ምግብ 631 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው የተጣለው በየቤቱ ነው። ከሰው ማዕድ የተረፈውን የምግብ ባንክ አይሰበስብም፤ መሰብሰብም የለበትም። ሊደርስበት የሚችለው ገና ያልተነካውን ነው። በችርቻሮ ሱቆች ብቻ በዚያው ዓመት 131 ሚሊዮን ቶን ተጥሏል። በፋብሪካ፣ በጅምላ አከፋፋይና በእርሻ የሚቀረው ደግሞ ሌላ ነው።

ደህና ምግብ ለምን ይጣላል? ምክንያቶቹን ቀርቦ ላላያቸው ሰው ይገርማሉ። ጽሑፉ ተሳስቶ የታተመ ማሸጊያ ይኖራል። ያዘዘው ነጋዴ በመጨረሻ ሰዓት ትእዛዙን ይሰርዛል። አትክልቱ መጠኑ ትንሽ ያንሳል ወይም ቅርጹ ይጣመማል። ምርት በአንድ ጊዜ ይደርስና ዋጋው ይወርዳል፤ ገበሬው ለለቃሚ የሚከፍለው ከሚሸጥበት ስለሚበልጥበት ማሳው ላይ ይተወዋል። ካርቶኑ ጥግ ላይ ይጨፈለቃል፤ ውስጡ ግን ምንም አልሆነም። ለሰጪው እነዚህ ሁሉ ራስ ምታት ናቸው። ቦታ ይይዙበታል፤ ለማስወገድም ወጪ አላቸው። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ "መኪናችን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳል" ቢለው በደስታ ይሰጣል። መኪናው ካልደረሰ ግን ይጥለዋል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

የምግብ ባንክ የሚባለው ነገር የተጀመረው በዚሁ ክፍተት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ፣ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ጡረታ የወጣ ነጋዴ በአንድ የምገባ ቦታ በነፃ ያገለግል ነበር። እዚያ ያገኛት የአሥር ልጆች እናት፣ ልጆቿን የምታበላው ከገበያ አዳራሽ ጀርባ የሚጣለውን እየለቀመች እንደሆነ ነገረችው። የሚጣለው ምግብ የሚከማችበት፣ የቸገረው ሰው የሚወስድበት፣ እንደ ባንክ ያለ ቦታ ቢኖር ጥሩ ነበር ያለችውም እሷ ናት። እሱ ሐሳቡን ወስዶ ሠራበት። በ1967 ቅድስት ማርያም የምግብ ባንክ ተከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት 275,000 ፓውንድ፣ ማለትም 125 ቶን ያህል ምግብ አከፋፈለ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሰውየው ደግነትና የእናቲቱ ብልህነት ነው። ተገቢ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሆነው ይመስለኛል። በ1975 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ሰጥቶት ሐሳቡን ወደ ሌሎች ከተሞች እንዲያስፋፋ አደረገ። በዓመቱ፣ በ1976፣ ምግብ ለሚሰጡ ድርጅቶች የግብር ቅናሽ የሚያስገኝ የሕግ ለውጥ መጣ። በ1977 የምግብ ባንክ ያላቸው ከተሞች 18 ደረሱ። በ1979 ሁሉን የሚያስተሳስር አገር አቀፍ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዛሬ "ፊዲንግ አሜሪካ" የሚባለው እሱ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ የምግብ ባንኮችን ያቀፈ ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያው በ1984 ፓሪስ ላይ ተከፈተ። ግለሰብ ጀመረው፤ ያሰፋው ግን መንግሥት ገንዘብና ሕግ ይዞ አጠገቡ መቆሙ ነው።

አሁን ወደ መጋዘኑ ልውሰድዎ። ብዙ ሰው የምግብ ባንክ ሲባል ወረፋና ከረጢት ብቻ ነው የሚታየው። የክልል ምግብ ባንክ ግን ከዚያ በስተጀርባ ያለው ነው። እሱ ራሱ ለቤተሰብ የሚያድለው ጥቂቱን ነው። አብዛኛውን የሚሰጠው ለአጋሮቹ ነው፦ ለሰፈር ማኅበራት፣ ለእምነት ተቋማት፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለአረጋውያን መርጃዎች፣ ለምገባ ቦታዎች። አንድ የሰፈር ማኅበር ከፋብሪካ ሙሉ መኪና ምግብ ተቀበል ቢባል የት ያስቀምጠዋል? ፋብሪካውም ለመቶ ትንንሽ ማኅበራት ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ካርቶን ልስጥ ቢል ሥራውን ሁሉ ትቶ ማደል ሊጀምር ነው። በጅምላ ተቀብሎ፣ ለይቶ፣ በችርቻሮ የሚያከፋፍል መሐል ላይ ያስፈልጋል።

መኪናው ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ሙቀት መለካት ነው። ወተት፣ ሥጋ፣ የበሰለ ምግብ ከሆነ ቴርሞሜትሩ ሳይታይ አይራገፍም። ጀርም በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ መጣል አለበት። እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም። ሰጪው ማንም ይሁን ማን፣ ምግቡ ካልሆነ አይሆንም ይባላል።

ከዚያ ሚዛን አለ። የመጣው ሁሉ ይመዘናል፤ ይመዘገባል። ቀጥሎ መለየት ነው። በጎ ፈቃደኞች ረጅም ጠረጴዛ ከበው አንድ በአንድ ያያሉ። ያበጠ ጣሳ ይወጣል። የተቀደደ ማሸጊያ ይወጣል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት የበሰበሱ ፍሬዎች ካሉ፣ እነሱ ተነስተው የቀረው ይድናል። ቀኑ ይታያል፤ ቀኑ የቀረበው ፊት ለፊት ይደረደራል፤ ቀድሞ እንዲወጣ። እጅ ይደክማል፤ ወገብ ይይዛል። ተደጋጋሚ ሥራ ነው። የሰዎችን ጤና የሚጠብቀው ግን ይኼው ነው።

በመጨረሻ ጭነት አለ። የትኛው ማኅበር ምን ይፈልጋል? የትኛው ማቀዝቀዣ አለው? የትኛው መንገድ በዝናብ ጊዜ ይዘጋል? ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሳምንት አይሠለጥንም። ደመወዝ አጥቶ ሲሄድ ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

ክቡር ሆይ፣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የምለው ለዚህ ነው። ምግቡ በነፃ ተሰጠ ማለት በነፃ ደረሰ ማለት አይደለም። ለጋሾች ምግብ መስጠት ይወዳሉ። አንዳንዶቹ መኪናም ይገዛሉ፤ ስማቸው በጎኑ ላይ ይጻፋል። ለዚያ መኪና በየሳምንቱ ነዳጅ የሚሞላ ግን ሲፈለግ አይገኝም። ጎማ የሚቀይር፣ ኢንሹራንስ የሚከፍል የለም። ማቀዝቀዣው ክፍል በሌሊት ቢቆም፣ የተሰበሰበው ወተትና አትክልት ጠዋት ላይ ቆሻሻ ይሆናል። ያን ለማስጠገን ገንዘብ ፍለጋ ደብዳቤ ይጻፋል፤ መልስ ይጠበቃል። በዚህ መሐል ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ስጦታ ሁሉ "አንችልም" ተብሎ ይመለሳል። የሚመለሰው ደግሞ ሰዎች በጣም የሚያስፈልጋቸው ነው። ደረቅ ምግብ መጋዘን ውስጥ ይቆያል። ለሚያድግ ልጅና ለታመመ ሰው የሚበጀው ትኩስ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላልና ወተት ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የማቀዝቀዣ ወጪ የሌለው የምግብ ባንክ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም።

ሌላው የወቅቱ ነገር ነው። ስጦታ የሚጎርፈው በዓል ሲደርስ ነው። ያኔ መጋዘኑ ይጨናነቃል፤ በጎ ፈቃደኛውም ከሚያስፈልገው በላይ ይመጣል። ባለሥልጣናትም ያኔ ነው ብቅ የሚሉት። በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም ይበተናል። ረሃቡ ግን ከበዓል ማግሥትም አለ። እንዲያውም ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ኪራይ ሲጨምር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይብሳል። የምግብ ባንኩ መደርደሪያ ባዶ የሚሆነውም በዚያው ጊዜ ነው። ቋሚ በጀት ካለ ግን የተሰበሰበውን ዓመቱን ሙሉ አመጣጥኖ ማውጣት፣ የጎደለውንም በርካሽ ወቅት መግዛት ይቻላል። ስለዚህ በዓል ሲመጣ ቢሮዎ የሚያዘጋጀውን የስጦታ ፕሮግራም ወጪ ወደ ዓመታዊ በጀት ቢያዛውሩት ደስ ይለኛል። ሰዎቹም ይበልጥ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ።

ብዙ ነጋዴ ምግቡን የሚጥለው በክፋት አይደለም። ይፈራል። "ሰጥቼ አንድ ሰው ቢታመምብኝ ፍርድ ቤት እቆማለሁ" ይላል። ቢጥለው ግን ማንም አይጠይቀውም። ሕጉ ሳያስበው ጣይውን እየጠበቀ፣ ሰጪውን እያስፈራራ ነው ማለት ነው። አሜሪካኖች ይህን ፍርሃት ለማንሳት እ.ኤ.አ. በ1996 ቢል ኤመርሰን በተባለ የምክር ቤት አባል ስም የተሰየመ ሕግ አወጡ። በቅን ልቦና፣ ለመብላት ደህና መሆኑን አምኖ፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ምግብ የሰጠ ሰው በኋላ ለሚመጣ ጉዳት በኃላፊነት አይጠየቅም። ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ካለ ግን ጥበቃው አይሠራም። ጣሊያን በ2003 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሕግ አወጣች። በ2016 ደግሞ ልገሳን የሚያቃልልና የሚያበረታታ ሰፋ ያለ ሕግ ጨመረችበት። ፈረንሳይ በዚያው በ2016 ጠንከር ያለውን መንገድ መረጠች። ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ የገበያ አዳራሾች ያልተሸጠን ደህና ምግብ ሆን ብለው እንዳያበላሹ ከለከለች፤ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር የልገሳ ውል እንዲፈርሙም አስገደደች።

የትኛው መንገድ ይሻላል ብለው ቢጠይቁኝ፣ በመጀመሪያ ጥበቃውን ይስጡ እላለሁ። ማስገደድ የሚጠቅመው የምግብ ባንኩ የሚመጣውን መቀበል ሲችል ነው። መኪናና ማቀዝቀዣ በሌለበት ሱቆችን ስጡ ብሎ ማስገደድ ቆሻሻውን ከሱቁ ጓሮ ወደ ምግብ ባንኩ ጓሮ ማዛወር ይሆናል። አንዳንድ ሰጪ ነገ የሚበላሸውን ዛሬ ማታ አምጥቶ ጥሎ መሄድ ይቃጣዋል። የምግብ ባንክ እምቢ የማለት መብቱ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍለት።

ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቀንም ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁለት ዓይነት ቀን አለ። አንደኛው "እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል" የሚል ነው፤ የሚናገረው ስለ ጣዕምና ስለ ጥራት ነው። በትክክል የተቀመጠ ደረቅ ምግብ ከዚያ ቀን በኋላም ይበላል። ሁለተኛው "ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ" የሚል ነው፤ ይህ የጤና ጉዳይ ነው፤ አይታለፍም። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲታዩ፣ ተቆጣጣሪውም ነጋዴውም ሁሉንም እንደ መርዝ ያየዋል። ከጤናና ከንግድ ቢሮዎች ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ የምትሞላ ግልጽ መመሪያ ብታወጡ፣ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ብዙ ምግብ ይድናል።

ስለ አከፋፈልም ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ፍትሕ ማለት ለሁሉም እኩል ማካፈል ይመስላቸዋል። ፊዲንግ አሜሪካ ራሱ ለዓመታት በወረፋ ነበር የሚያድለው። ተራው የደረሰው የምግብ ባንክ የመጣውን ይቀበላል ወይም ተራውን ያሳልፋል። አንዱ ቀድሞ የተትረፈረፈው ነገር ይላክለት ነበር፤ ሌላው ያንኑ እየፈለገ ያጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ጋር ሆነው ሥርዓቱን ቀየሩት። ለእያንዳንዱ የምግብ ባንክ እንደ ችግረኛው ብዛት ነጥብ ይሰጠዋል። በነጥቡ የሚፈልገውን ይጫረታል። እውነተኛ ገንዘብ አይደለም፤ ግን ምርጫ ይሰጣል። ሁሉም የጎደለውን እያወቀ መረጠ፤ የሚባክነውም ቀነሰ። እዚህ ያን ያህል የተራቀቀ ሥርዓት ላያስፈልግ ይችላል። ሐሳቡ ግን ይያዝልኝ። ምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ቅርብ ያለው ሰው ነው፤ ከላይ ኮታ ሲወርድ ይሳሳታል።

ይህ ለቤተሰብም ይሠራል። ታስሮ የተዘጋጀ ከረጢት ከመስጠት፣ ሰዎች ከመደርደሪያ እየመረጡ እንዲወስዱ ማድረግ የተሻለ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጣፋጭ ነገር ተሰጥቶት ምን ያደርገዋል? ማብሰያ የሌለው ሰው ለረጅም ሰዓት የሚቀቀል ጥራጥሬ ምን ይረባዋል? ሲመርጥ የማይፈልገውን ይተዋል፤ የተተወው ለሌላ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ የመረጠ ሰው እንደ ሰው ተቆጠረ።

የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እርዳታ ፈልጎ በር ላይ የቆመ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ብዙዎች ሦስትና አራት ጊዜ ከበሩ ተመልሰው ነው የሚገቡት። ስለዚህ ወረፋው ከዋናው መንገድ ላይ ይነሳ። ሰዓት ይሰጣቸውና በሰዓታቸው ይምጡ። በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ የሚከፈት የሥርጭት ቦታ ሠራተኛውን ድሃ ይዘጋበታል፤ ማታና ቅዳሜም ይከፈት። የወረቀቱም ብዛት ይቀነስ። አንዲት እናት ለአንድ ሳምንት ምግብ አራት ማስረጃ ከሦስት ቢሮ አምጪ ስትባል፣ አንዷ ማስረጃ ስትጠፋ ልጆቿ ጦም ያድራሉ። ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው ይኖራል ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል። ይኖራል። እሱን ለመያዝ ሲባል ግን መቶ ሰው በር ላይ አይመለስ።

ፎቶ የማንሳቱም ነገር ይቁም። ይህን በትሕትና ግን በጽኑ ነው የምጠይቀው። ምግብ ሲቀበል ፊቱ የተነሳ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ላይመለስ ይችላል። ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ይሳቅበታል።

መምጣት የማይችሉም አሉ። መኪና ወደ ገጠሩ ሄዶ በተወሰነ ቀን በተወሰነ ቦታ ማከፋፈል ይችላል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቤት ለቤት ማድረስ ይቻላል። ለልጆች ደግሞ ከአሜሪካ አርካንሶ የመጣ ጥሩ ልምድ አለ። አንዲት የትምህርት ቤት ነርስ ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አዞረኝ እያሉ የሚመጡ ልጆች የታመሙት በረሃብ እንደሆነ አስተዋለች። ለምግብ ባንክ ነገረች። ልጆቹ ዓርብ ወደ ቤት ሲሄዱ በቦርሳቸው ለቅዳሜና ለእሑድ የሚሆን ምግብ ይያዝላቸው ጀመር። በትምህርት ቀን የሚመገብ ልጅ ቅዳሜና እሑድ ማን ያበላዋል የሚለውን ጥያቄ ለትምህርት ቢሮ ባልደረቦችዎ ቢያነሱልኝ እወዳለሁ።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። የምግብ ባንክ ድህነትን አያጠፋም። ካናዳ ውስጥ የመጀመሪያው የምግብ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1981 በኤድመንተን ሲከፈት ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ዛሬም አለ፤ በመላ አገሪቱም ብዙ ተከፍተዋል። ምግብ ባንክ ስላለ ብሎ መንግሥት የጡረታን፣ የደመወዝን፣ የድጎማን ጉዳይ ቸል ካለ፣ መፍትሔው ራሱ ችግሩን ይሸፍናል። ሰው በኪሱ ገንዘብ ቢኖረው ከሱቅ ገዝቶ ይበላል፤ ወረፋ አይመጣም። ስለዚህ ይህ በጀት ከሌላ የድሆች ድጋፍ ተቀንሶ እንዳይሰጥ አጥብቄ እለምናለሁ። ከአንዱ ድሃ ወስዶ ለሌላው መስጠት ይሆናል።

ግን ደመወዙ እስኪስተካከል፣ ድጎማው እስኪደርስ ድረስ ሰው ዛሬ ማታ ይበላል ወይ? ይህን የሚመልሰው የምግብ ባንኩ ነው። ድንገተኛ ነገር ሲመጣም ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሥራ ሲያስቆም በብዙ አገሮች የምግብ ባንክ ወረፋ በሳምንታት ውስጥ ረዘመ። ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ዕድሜያቸው የገፋ ስለነበር ቤት መቀመጥ ነበረባቸው። የተቋቋመ መጋዘን፣ የሚከፈለው ሠራተኛና የተዘጋጀ መኪና የነበራቸው ቀጠሉ። በበጎ ፈቃድ ብቻ ይሠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ በራቸውን ዘጉ። የቋሚ ሠራተኛ ጥቅም ያኔ ነው የታየው።

ለቢሮዎም የሚሰጠው ነገር አለው። በየሳምንቱ ስንት ቤተሰብ እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ስንቱ እንደሆነ የምግብ ባንኩ መዝገብ ይናገራል። አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ አንድ አካባቢ ኪራይ ሲንር ወሬው ወደ እናንተ ጠረጴዛ ሳይደርስ ወረፋው ላይ ይታያል። ስም ሳይጠቀስ ይህ ቁጥር በየወሩ ቢደርሳችሁ፣ ችግሩን ገና ሳይሰፋ ታዩታላችሁ።

እንግዲህ የምጠብቀው ይህ ነው። የሥራ ማስኬጃው ገንዘብ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚዘልቅ ውል ይሁን፤ በየዓመቱ እየተለመነ የሚሰጥ ከሆነ ሰው መቅጠርም ማቀድም አይቻልም። ሒሳቡ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ይመርመርና ለሕዝብ ይገለጽ፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና የምግብ ባንኩም መጠየቅ አለበት። በመንግሥት እጅ ያለ ሥራ ፈቶ የተዘጋ መጋዘን ካለ ለዚህ ሥራ ይለቀቅ። ምርት በተትረፈረፈ ጊዜ ቢያንስ የለቀማና የማጓጓዣ ወጪው ተችሎ ከአነስተኛ ገበሬዎች ይገዛ፤ ገበሬውም ምርቱ ማሳ ላይ አይቀርበትም። የለጋሾች ጥበቃ ሕግ ረቂቅ ደግሞ በእርስዎ ቢሮ በኩል ለምክር ቤት ይቅረብ። ረቂቁን ለማዘጋጀት የሕግ ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎችና በየሰፈሩ የሚያከፋፍሉ ማኅበራት ተወካዮች ቢጠሩ ይመጣሉ። ምግቡን የሚቀበሉ ሰዎችም በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ይኑራቸው። የሚጎድለውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የበጀት ውይይቱ ከመዘጋቱ በፊት ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡን እጠይቃለሁ። መልሱ "አይቻልም" ከሆነም የትኛው ክፍል በምን ምክንያት እንደማይቻል ይገለጽልን፤ በዚያ ላይ እንነጋገራለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ጠዋት፣ ካሜራና አጃቢ ሳይኖር፣ ጭነት በሚራገፍበት ሰዓት ወደ መጋዘኑ ይምጡ። የማቀዝቀዣውን ክፍል ይግቡበት። የነዳጅና የመብራት ሒሳብ የያዘውን ፋይል ይመልከቱ። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ የጠየቋትን ሁሉ ትመልስልዎታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
በምግብ ባንክ የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ